አንድ ኮድ፣ የተለያየ መስኮት

እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ ነው (በዚህ ጽሁፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጥቂት የሶፍትዌር ገንቢዎች ሌሊት ሌሊት ስልክ እየተደወለላቸው ከእንቅልፋቸው ይነቁ ጀመር። ደዋዮቹን አያውቋቸውም። ደዋዮቹ ግን ተቆጥተዋል፤ ኮምፒውተራቸው ውስጥ ያልጠሩት ነገር ገብቶ አግኝተዋልና አውጡልን ባዮች ናቸው።

ገንቢዎቹ ማንም ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ምንም አላስገቡም። ነገሩ ወዲህ ነው። ማክአፊ የተባለው ጸረ ቫይረስ እነሱ የሰሩትን ትንሽ ዳታቤዝ በውስጡ ይጠቀም ነበር። ዳታቤዙ ስራ ላይ እያለ ጊዜያዊ ፋይሎች ይፈጥራል። በዊንዶውስ እነዚህ ፋይሎች የሚቀመጡት ቴምፕ በሚባለው ፎልደር ነው፤ ስማቸው ደግሞ በዳታቤዙ ስም ይጀምራል። ሰዉ ፎልደሩን ይከፍታል፣ የማያውቀውን ስም ያያል፣ ጉግል ያደርጋል፣ የገንቢዎቹን ስልክ ቁጥር ያገኛል፣ ይደውላል። መፍትሄው ምን ሆነ መሰላችሁ? የዳታቤዙን ስም ወደ ኋላ ገልብጠው ጻፉት። ከዚያ ወዲህ የሚፈጠሩት ጊዜያዊ ፋይሎች «ኢ፣ ቲ፣ አይ፣ ኤል፣ ኪው፣ ኤስ» በሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምራሉ። ታሪኩ ኮዱ ውስጥ በማስታወሻ መልክ ተጽፏል፤ ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል።

ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ይባላል። ስሙን ሰምታችሁት ላታውቁ ትችላላችሁ፤ ይህን ጽሁፍ የምታነቡበት ስልክ ውስጥ ግን አለ። አንድሮይድ ውስጥም አይፎን ውስጥም አብሮ ይመጣል። ዋትስአፕ መልእክቶቻችሁን የሚያስቀምጠው በእሱ ነው። ክሮምና ፋየርፎክስ የጎበኛችኋቸውን ገጾች የሚመዘግቡት በእሱ ነው። ሪቻርድ ሂፕ የተባለ አሜሪካዊ በ2000 የጀመረው ሲሆን፣ ሀሳቡ የመጣለት ለአሜሪካ ባህር ኃይል የጦር መርከብ በሚሰራ ሶፍትዌር ላይ እያለ ነው። በነጻ ነው የሚሰጠው፤ የቅጂ መብት እንኳ አልተያዘበትም። ወስዳችሁ የፈለጋችሁትን ብታደርጉት የሚጠይቃችሁ የለም።

ብዛቱ ይገርማል፤ እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ይህ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ አንድ ነው። ያው አንዱ ኮድ በሳምሰንግ ስልክም፣ በአይፎንም፣ ኢንተርኔት ካፌ ባለው የዊንዶውስ ኮምፒውተርም፣ በሊኑክስ ሰርቨርም ላይ ይሰራል። ከስልካችሁ ወደ ላፕቶፕ የገለበጣችሁት አፕ አልከፍት ብሏችሁ የሚያውቅ ከሆነ፣ ይህ እንዲህ በዋዛ የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ ትገምታላችሁ።

ለምን በዋዛ አይገኝም? አንድ ፕሮግራም የስልኩን ሜሞሪ ካርድ ወይም የኮምፒውተሩን ዲስክ በእጁ አይነካም። ፋይል መክፈት ሲፈልግ፣ ሰዓት ማወቅ ሲፈልግ፣ ኢንተርኔት ሲፈልግ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ይጠይቃል። ጉዳይ ይዞ ቀበሌ እንደመሄድ ቁጠሩት፤ መዝገብ ቤት ራሳችሁ ገብታችሁ ፋይል አትጎትቱም፤ መስኮቱ ጋ ቆማችሁ፣ ፎርም ሞልታችሁ፣ ውስጥ ያለው ሰው ያመጣላችኋል። ችግሩ የየቀበሌው ፎርም መለያየቱ ነው። በሊኑክስ መስኮት ፋይል ለመክፈት «ኦፕን» ትላላችሁ፤ የፋይሉን ስምና ሁለት ነገር ብትናገሩ ይበቃል። በዊንዶውስ መስኮት ጥያቄው «ክሪኤትፋይል» ይባላል፤ ያለውን ፋይል ለመክፈትም ቢሆን «ፍጠር» ነው የምትሉት። ፎርሙ ደግሞ ሰባት ቦታ አለው።

ኮምፓይለር የሚባለው ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም ነው። ኮዳችሁ ውስጥ የተጠራ ስም ሁሉ የሆነ ቦታ መገኘት አለበት። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ራሱን አባዝቶ ሁለት የሚሆንበት «ፎርክ» የሚባል ጥሪ አለ። ያንን የያዘ ኮድ ወስዳችሁ ዊንዶውስ ላይ ኮምፓይል ልታደርጉ ብትሞክሩ፣ እንዲህ የሚባል እዚህ ሰፈር የለም ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

መስኮቶቹ ለምን ተለያዩ የሚለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላብስ ዩኒክስን መስራት የጀመሩት በ1969 ነው፤ በ1973 ደግሞ በሲ ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ሁሉ የየራሱን ዩኒክስ መስራት ጀመረና እርስ በርስ የማይግባቡ ወንድማማቾች ተፈጠሩ። እነሱን ለማስማማት በ1988 ፖዚክስ የተባለ ደንብ ወጣ፤ ስሙን ያወጣለት ሪቻርድ ስቶልማን ነው። ሊኑክስ ሲመጣ ይህንኑ መንገድ ተከተለ፤ አንድሮይድ ከስሩ ሊኑክስ ነው። የአይፎን መሰረት ደግሞ ከሌላ የዩኒክስ ዘር የመጣ ነው። ስለዚህ አንድሮይድና አይፎን ገበያ ላይ ባላንጣ ቢሆኑም፣ በዚህ በኩል የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ዊንዶውስ ግን ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ነው ያደገው።

ታዲያ አንድ ኮድ ሁለቱም ዘንድ እንዲሰራ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መላ ቀላል ነው፦ ኮዱ ውስጥ «ዊንዶውስ ከሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያንን» ብሎ መጻፍ። የሲ ቋንቋ ለዚህ «ኢፍዴፍ» የሚባል መንገድ አለው። ኮምፓይለሩ ለየትኛው ሲስተም እየሰራ እንደሆነ ያውቃል፤ የማይመለከተውን ክፍል ዘሎት ያልፋል። ሁለት ሶስት ቦታ ላይ ሲሆን ችግር የለውም። ሁለት ሶስት መቶ ቦታ ሲሆን ግን ኮዱ የተቀዳደደ ይሆናል፤ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ቀርቶ የቱ ክፍል መቼ እንደሚሰራ ማወቅ ያስቸግራል። የዊንዶውሱን ክፍል ያስተካከለው ልጅ የሊኑክሱን ክፍል ኮምፓይል አድርጎ አላየውም፤ እሱ ያላየው ነገር ሌላ ሰው ጋ ሄዶ ይፈነዳል። ሄንሪ ስፔንሰርና ጄፍ ኮሊየር የተባሉ ፕሮግራመሮች በ1992 ኢፍዴፍን ጎጂ ነው ብለው ጽሁፍ አቅርበውበታል። ዛሬም ብዙ ፕሮጀክት ላይ ያው በሽታ አለ።

ኤስኪውላይት ያደረገው ልዩነቱን በሙሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ ማስቀመጥ ነው። ዋናው አካሉ፣ ማለትም ጥያቄያችሁን የሚተረጉመው፣ የሚፈልገው፣ የሚደምረው ክፍል፣ ከየትኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጋር እንዳለ የሚያውቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የሚያውቀው አንድ ጠባብ በር ብቻ ነው። በሩ ቪኤፍኤስ ይባላል። በበሩ በኩል የሚያልፉት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ ክፈት፣ አንብብ፣ ጻፍ፣ ቆልፍ፣ ሰርዝ፣ ዲስኩ ላይ መድረሱን አረጋግጥ፣ ስንት ሰዓት ነው፣ እነዚህንና የመሳሰሉትን። ከበሩ ማዶ ለዩኒክስ ቤተሰብ የተጻፈ አንድ ፋይል አለ፤ ለዊንዶውስ የተጻፈ ሌላ ፋይል አለ። ኮምፓይል ሲደረግ ከሁለቱ የሚመለከተው ብቻ ይገባል። ነገ አዲስ አይነት መሳሪያ ቢመጣ የሚጻፈው ይህ ከበሩ ማዶ ያለው ክፍል ነው እንጂ ዳታቤዙ እንደ አዲስ አይሰራም።

እዚህ ላይ «በቃ ተፈታ» ልትሉ ትችላላችሁ። አልተፈታም። የስም ልዩነትማ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ኮምፓይለሩ ራሱ ይጮህና ያሳያችኋል። ከባዱ ነገር ኮዱ ሁለቱም ጋ ያለ ምንም ስህተት ኮምፓይል ሆኖ፣ ትርጉሙ ግን ሲለያይ ነው።

አንድ ምሳሌ በብር ልስጣችሁ። በሲ ቋንቋ «ሎንግ» የሚባል የቁጥር አይነት አለ። ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ሎንግ 64 ቢት ነው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ግን 32 ቢት ነው። አንድ ልጅ ለሰፈር ሱቅ የሂሳብ መዝገብ ሰራ እንበል፤ ገንዘቡን በሳንቲም ቆጥሮ ሎንግ ውስጥ ያስቀምጣል። ሊኑክስ ላይ ሲሞክረው ምንም ችግር የለም። ያንኑ ኮድ ዊንዶውስ ላይ ኮምፓይል ያደርገዋል፤ ኮምፓይለሩም ዝም ይላል። የሱቁ ጠቅላላ ሽያጭ 21 ሚሊዮን 474 ሺህ 836 ብር ከ47 ሳንቲም እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ከዚያ አንድ ሳንቲም ስትጨምሩበት ቁጥሩ ከሎንግ አቅም በላይ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሽያጩ በቅጽበት ወደ ኔጌቲቭ ሲገለበጥ ነው። አሁን ባለው የዕቃ ዋጋ 21 ሚሊዮን ለአንድ ሱቅ ሩቅ አይደለም። ኤስኪውላይት በሎንግ አይተማመንም፤ ስፋታቸው የታወቀ የራሱን የቁጥር አይነቶች ሰይሞ በእነሱ ይሰራል።

«ሰርዝ» የሚለውን ቃል ደግሞ ውሰዱ። በዩኒክስ ቤተሰብ አንድ ፋይል በሌላ ፕሮግራም ተከፍቶ እያለ ልትሰርዙት ትችላላችሁ። ስሙ ወዲያው ይጠፋል፤ የከፈተው ፕሮግራም ግን እስኪዘጋው ድረስ ይዘቱን ማንበብ ይችላል። በዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን የያዘው ሰው እስኪለቅ ድረስ መሰረዝ አይቻልም። «ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተይዟል» የሚለውን መልእክት ዊንዶውስ የተጠቀመ ሁሉ ያውቀዋል። ለዳታቤዝ ይህ ቀልድ አይደለም። ኤስኪውላይት ስራ ሲጀምር ረዳት ፋይል ይፈጥራል፤ ስራው በሰላም ካለቀ ያንን ፋይል ይሰርዘዋል። የረዳት ፋይሉ መሰረዝ ስራው መጽደቁን የሚያመለክት ነው። አሁን አስቡት፤ ፋይሉ ገና እንደተፈጠረ ጸረ ቫይረሱ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው» ብሎ ሊመረምረው ይከፍተዋል። ኤስኪውላይት ልሰርዝ ሲል ተይዟል ይባላል። ስለዚህ የዊንዶውሱ ክፍል ውስጥ ትንሽ እያረፈ እስከ 10 ጊዜ ደጋግሞ የሚሞክር ኮድ ተጽፏል። የዩኒክሱ ክፍል እንዲህ አይነት ነገር አያስፈልገውም። ዋናው አካል ደግሞ ስለዚህ ሁሉ ግርግር አልሰማም፤ እሱ ሰርዝ አለ፣ ተሰረዘ ተባለ፣ አለቀ።

«ቆልፍ» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ አንድ ፋይል ላይ እንዳይጽፉ ቁልፍ ያስፈልጋል። በፖዚክስ ደንብ መሰረት አንድ ፕሮግራም አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ ከፍቶት ከሆነ፣ አንደኛውን ሲዘጋ በሌላኛው በኩል የያዘው ቁልፍም አብሮ ይለቀቃል። የጓሮውን በር ስትዘጉ የፊት ለፊቱ በር ቁልፍ በራሱ እንደሚከፈት ማለት ነው። ማን እንዲህ አይነት ቤት ይሰራል? ግን ደንቡ እንዲህ ተብሎ ወጥቷል፤ ብዙ ፕሮግራም ስለለመደው አሁን መቀየር አይቻልም። ኤስኪውላይት ያገኘው መላ፣ ቁልፍ እስከተያዘ ድረስ ሁለተኛውን በር አለመዝጋት ነው፤ «ዝጋ» ሲባል እሺ ይላል፣ በልቡ ግን ቁልፎቹ በሙሉ እስኪለቀቁ ይጠብቃል። ዊንዶውስ በበኩሉ ይህ ጣጣ የለበትም። ዩኒክስ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ለሚሉ ጓደኞቼ ይህቺን አነሳባቸዋለሁ።

ለእኛ አገር ሰው ከሁሉም የሚቀርበው ግን «ዲስኩ ላይ መድረሱን አረጋግጥ» የሚለው ነው፤ የመብራት ነገር ስለሆነ። አንድ ፕሮግራም «ጻፍ» ሲል ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ወዲያው ዲስኩ ላይ አይጽፍም፤ ለፍጥነት ሲል ሜሞሪ ውስጥ ያቆየዋል። መብራት በዚያች ቅጽበት ከጠፋ ያ ነገር የለም። ስለዚህ ከልብ የሚጽፍ ፕሮግራም «ኤፍሲንክ» የሚል ጥሪ አለው፦ የያዝከውን ሁሉ አውርድ፣ ሳታወርድ አትመለስ። ሊኑክስ ላይ ይህ ጥሪ ዲስኩ የራሱን ጊዜያዊ ማቆያ ጭምር እንዲያራግፍ ለማድረግ ይሞክራል። በአፕል ሲስተሞች ላይ ግን ስሙ ያው ኤፍሲንክ ሆኖ፣ መረጃውን ለዲስኩ ማስረከብ ድረስ ብቻ ነው ስራው፤ ዲስኩ ራሱ ውስጥ ባለች ማቆያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። እስከ መጨረሻው እንዲደርስ ከፈለጋችሁ «ፉል ኤፍሲንክ» የሚባል ሌላ ጥሪ አለ፤ አፕልም ይህንኑ በሰነዱ ላይ ጽፎታል። ኤስኪውላይት ሁለቱንም ያውቃል፤ ሙሉው ጥሪ ስራውን ስለሚያዘገየው ግን ልጠቀም አልጠቀም የሚለውን ለአፕ ሰሪው ትቶታል፤ ምንም ካልነገራችሁት አይጠቀመውም። የስም አንድነት እንዲህ ያታልላል። ኮዱ ሶስቱም ጋ ኮምፓይል ይሆናል፣ ይሰራል፣ በሰላሙ ቀን ምንም ልዩነት አይታይም። ልዩነቱ የሚታየው መብራት የጠፋ ቀን ነው፤ ያኔ ባለሱቁ ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት የሚያውቀው በቃል ከያዘው ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ በመርህ ደረጃ ማንኛውም ፋይል «የዱቤ መዝገብ» ተብሎ ሊሰየም ይችላል። ሊኑክስ ላይ ይህ ብዙ ጣጣ አልነበረውም፤ ሊኑክስ የፋይል ስም ምን ቋንቋ እንደሆነ አይጠይቅም፤ የባይት ሰልፍ አድርጎ ነው የሚያየው። ዊንዶውስ ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት መስኮት ነበረው። አንደኛው የድሮው ነው፤ ኮምፒውተሩ የተስተካከለበትን አገር ፊደል ብቻ ይቀበላል። ሁለተኛው አዲሱ ነው፤ ዩኒኮድ ይቀበላል። ለራሺያኛ፣ ለአረብኛ፣ ለግሪክኛ በድሮው መስኮት የፊደል ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ ነበር። ለግዕዝ ፊደል አልተዘጋጀም። በየሲ መጽሐፉ የሚገኘው ተራው የፋይል መክፈቻ፣ «ኤፍኦፕን»፣ ዊንዶውስ ላይ የሚሄደው ደግሞ ወደ ድሮው መስኮት ነው። ውጤቱስ? ሊኑክስ ላይ የአማርኛ ስም ያለውን ፋይል ያለ ችግር የሚከፍት ኮድ፣ ዊንዶውስ ላይ ያንኑ ስም የጥያቄ ምልክት ሰልፍ አድርጎ ያየውና «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይላል። ራሺያዊው ሲከፈትለት እኛ በር ላይ ቀረን ማለት ነው። በዊንዶውስ 10 የ2019 እትም አንድ ፕሮግራም በድሮውም መስኮት ዩቲኤፍ 8 ልጠቀም ብሎ ማሳወቅ እንዲችል ተደረገ፤ ግን ፕሮግራመሩ አስቦ ካልጠየቀ አይሰጠውም። ኤስኪውላይት ስሙን በዩቲኤፍ 8 ተቀብሎ ለዊንዶውስ ሲሆን በበሩ ላይ ቀይሮ ለአዲሱ መስኮት ያቀርባል። ሂፕ ይህን ሲጽፍ ስለ አማርኛ አስቦ ይሁን አይሁን ለውጥ አያመጣም፤ የዱቤ መዝገባችን ይከፈታል።

ሌላም አለ። ሊኑክስ የፋይል ስም ርዝመትን የሚለካው በባይት ነው፤ ጣሪያው 255 ባይት። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አንድ ባይት ይወስዳል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሶስት። «ሰላም» 9 ባይት ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊው 255 ፊደል ሲፈቀድለት ለእኛ 85 ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የሚቆጥረው በሌላ መስፈሪያ ስለሆነ ለአማርኛም 255 ይፈቅዳል። እንግዲህ ላፕቶፕ ላይ መቶ ፊደል የሚሆን ረጅም የአማርኛ ርዕስ ያለው ፒዲኤፍ ይዛችሁ ወደ ስልካችሁ ሜሞሪ ስትገለብጡ «ስሙ ረዝሟል» ከተባላችሁ፣ ስልኩ አልተበላሸም። (በአንድ ነገር ግን ተርፈናል። «ፎቶ» በትልቅ ፊደልና በትንሽ ፊደል ሲጻፍ ሊኑክስ ሁለት ፋይል ነው ይላል፣ ዊንዶውስ አንድ ነው ይላል፤ በዚህ ስንቱ ኮድ ተሰናክሏል! እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። የእኛ ጣጣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ናቸው፤ እነሱን ግን ሁለቱም ሲስተሞች ያለ ጭቅጭቅ ሁለት የተለያየ ፋይል ያደርጓቸዋል።)

«እኔ ሲ አልማርም፣ ፓይተን ነው የምማረው» የምትሉ ብዙ ናችሁ። አምስት ሚሊዮን ኮደርስ በሚባለው ስልጠና ከተመዘገባችሁት መካከል በስልክ የምትለማመዱም አትጠፉም። ፓይተን፣ ጃቫ፣ ፍላተር፣ እነዚህ ሁሉ ከስራቸው መስኮቱን የጻፈላችሁ ሰው አለ፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱን አታዩትም። አንዳንዴ ግን በስንጥቁ ይወጣል። ስልካችሁ ላይ በፓይተን ፋይል ከፍታችሁ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ፣ ሰርቶ፣ ያንኑ ኮድ የጓደኛችሁ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ስታስኬዱት «ቻርማፕ» ምናምን የሚል ቀይ ስህተት ያጋጥማችኋል። ምክንያቱ ያው የድሮው ታሪክ ነው፦ ፋይሉን ስትከፍቱ በምን ፊደል እንደሚጻፍ ካልነገራችሁት፣ ፓይተን ዊንዶውስ ላይ የድሮውን የአገር ሰንጠረዥ ይወስዳል፤ ሰንጠረዡ ላይ ደግሞ እኛ የለንም። ፋይሉን ስትከፍቱ «ኢንኮዲንግ» በሚለው ቦታ ዩቲኤፍ 8 ብላችሁ ጻፉ፤ ሁለቱም ጋ ይሰራል። ከ3.15 ጀምሮ ፓይተን ራሱ ይህን እንዲመርጥ ተወስኗል፤ ኮሌጅና ካፌ ውስጥ የተጫነው ግን ገና ለዓመታት የድሮው እንደሚሆን እኔም እናንተም እናውቃለን።

ስም መቀየርም እንዲሁ ነው። በፓይተን «ሪኔም» ብላችሁ አዲሱን ስም ስትሰጡ፣ በዚያ ስም ሌላ ፋይል አስቀድሞ ካለ ሊኑክስና አንድሮይድ ድምጽ ሳያሰሙ የድሮውን ያጠፉታል። ዊንዶውስ አይሆንም ይላል። የትኛው ይሻላል? እኔ የዊንዶውሱን እመርጥ ነበር፤ ብዙ ፕሮግራመር ግን የሊኑክሱን ይፈልጋል፤ ምክንያቱም አዲስ ፋይል በጎን ጽፎ በድሮው ላይ በአንድ ጊዜ መተካት መረጃ ሳይጎድል የማስቀመጫ የታወቀ መንገድ ነው። ለዚህ ሲባል በ2012 በወጣው ፓይተን 3.3 ላይ «ሪፕሌስ» የሚባል ሁሉም ጋ አንድ አይነት የሆነ ጥሪ ተጨመረ።

ይህ ሁሉ እንዴት ይፈተሻል ካላችሁ፣ ጠባቡ በር ሌላ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። የመብራት መጥፋትን ለመሞከር እየደጋገሙ ሶኬት መንቀል አያዛልቅም። የኤስኪውላይት ገንቢዎች ከበሩ ማዶ የውሸት ኦፕሬቲንግ ሲስተም አስቀመጡ። ይህ የውሸት ሲስተም ዳታቤዙን በመሃል ያቋርጠዋል፤ ኤፍሲንክ ሳይባል የቀረውን ጽሁፍ ያጠፋዋል፣ ያምሰዋል፣ ቅደም ተከተሉን ያዛባዋል፤ ከዚያ ዳታቤዙ እንደገና ተከፍቶ መረጃው ደህና መሆኑ ይታያል። ይህን አንድ ሺህ ጊዜ መድገም ለኮምፒውተር ምንም አይደለም። የመሞከሪያው ኮድ ብዛት ከዋናው ኮድ ከ500 እጥፍ በላይ ነው። ኮዱን ለመሰረዝ፣ ለመቆለፍ፣ ለመጻፍ በየቦታው በትነውት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይነቱን የውሸት መብራት ማጥፊያ የሚሰኩበት ቦታ አያገኙም ነበር።

የራሳችሁን ነገር ለመጀመር ይህን ያህል አያስፈልጋችሁም። ፋይል የሚነካውን ኮድ በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ አድርጉት፤ ሌላው ክፍል በዚያ በኩል ብቻ ይለፍ። የፎልደር መንገድ በእጃችሁ በስላሽ አትቀጥሉ፤ ፓይተን ላይ «ፓትሊብ» ይህን ይሰራላችኋል። ከዚያ ኮዱን ለራሳችሁ ስልክ ብቻ ሳይሆን የዊንዶውስ ላፕቶፕ ላለው ጓደኛችሁም ላኩና እንዲያስኬደው ጠይቁት። መሞከሪያ ፋይላችሁን ደግሞ «ቴስት 1» አትበሉት፤ «የእትዬ አልማዝ ዱቤ» በሉት፤ በአማርኛ፣ በመሃሉም ባዶ ቦታ ይኑርበት።